ስሙ ያልተጻፈው እግረኛ

የማይጨውን ጦርነት በትምህርት ቤት የተማርኩት በራሶቹ ስም ነው። ራስ ካሣ፣ ራስ ሥዩም፣ ራስ ጌታቸው እያልን በቃላችን እናነበንብ ነበር። ከእነርሱ ኋላ በእግሩ ስለተከተለው ሰው ግን አንድም ጥያቄ በፈተና ወጥቶ አያውቅም። ለመሆኑ ያ እግረኛ ማን ነበር? ምን ይዞ ዘመተ? እንዴትስ ሞተ?

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ሲሻገር አዲስ አበባ ላይ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ከክብር ዘበኛው በቀር የዘመተው አብዛኛው ሰው የጦር ትምህርት ያልቀሰመ ገበሬ ነው። ስንቁ ከቤቱ ነው። በሶው፣ ቆሎውና ዳቦ ቆሎው በስልቻ ይታሰራል፤ ያለው በአህያ ይጭናል፣ የሌለው ይሸከማል። ሚስቱን አስከትሎ የዘመተም ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ ማይጨው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ስልቻው ደግሞ ያን ያህል አይዘልቅም። ስንቅ ሲያልቅ የመንገዱ ባላገር ላይ መውደቅ ነበር፤ ባላገሩም ዘማቹን ሁልጊዜ በደስታ አልተቀበለውም።

ጠመንጃውማ! ውጅግራ የምንለው «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ የመጣ ሲሆን ሞዴሉ እ.ኤ.አ. የ1874 ነው። አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኮሳል፣ እንደገና ይጎርሳል። ማይጨው ሲደርስ ሞዴሉ 62 ዓመት ሞልቶታል፤ ለብዙው ተሸካሚ የአባቱ እኩያ መሆኑ ነው።

እኔን ግን ከጠመንጃው ይልቅ የሚያሳስበኝ እግሩ ነው። አብዛኛው ዘማች ጫማ አልነበረውም። የጣሊያን አውሮፕላኖች የረጩት የሰናፍጭ ጋዝ ደግሞ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ በሣርና በቅጠል ላይ የሚያርፍ ቅባት መሳይ ፈሳሽ ነው። የነካው ሰው ወዲያው አያመውም። ጠዋት በባዶ እግሩ የረገጠው ሰዓታት ቆይቶ እግሩ ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ቆዳው ይገፈፋል። የማይጨውን እግረኛ ብዙ ጊዜ የገደለው ጠላቱን እንኳ ሳያይ ነው። ይህን መርዝ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ጣሊያን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃው ነበር።

የቀይ መስቀል ልዑክ ሆኖ የመጣው ስዊሳዊ ሐኪም ማርሴል ጁኖ፣ ኮረም አጠገብ ወድቀው ካያቸው የተቃጠሉ ሰዎች የሰማውን ቃል በመጽሐፉ መዝግቦታል። ቃሉ «አቤት» ነው። አቤት እንግዲህ በእኛ ዘንድ ተራ ማቃሰት አይደለም። ሎሌ ጌታው ሲጠራው የሚመልሰው፣ ተበዳይም ከዳኛ ፊት የሚጮኸው ቃል ነው። ነጋሪት ተጎስሞ ሲጠራ አቤት ብሎ የመጣ ሰው፣ ኮረም ላይ ወድቆም አቤት ይል ነበር።

መጋቢት 22 ቀን ጎህ ሳይቀድ ጥቃቱ ተጀመረ። ቀኑን ሙሉ ወገን ደጋግሞ ወጣ፤ የጣሊያን ምሽግ ግን አልተሰበረም። ከዚያ ያለው ማፈግፈግ ነው። ወደ አሸንጌ ሐይቅ የሚወርደው ሰው ከሰማይ ቦምብና መርዝ፣ ከምድር ጥይት ተከተለው። ከውጊያው ይልቅ ሽሽቱ የከፋ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። የሟቾቹ ቁጥር እንኳ ከጸሐፊ ጸሐፊ በሺዎች ይለያያል፤ ስማቸውን የያዘ መዝገብም የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ስለ መርዙ ለዓለም ተናገሩ፤ የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

በአገር ቤት ሬሳው ላልመጣ ሰው የሚለቀሰው በንብረቱ ነው፤ ጠመንጃው፣ በቅሎው፣ ልብሱ ይወጣል። እግረኛው በቅሎ አልነበረውም። ጠመንጃው አሸንጌ ቀርቷል። የቀረችው ሚስት የክት ልብሱን አውጥታ ብታለቅስበትም፣ ለተዝካሩ አርባውን ቀን ከየትኛው ዕለት ጀምራ ትቁጠር?