ከአንጥረኛው ፊት የሚቆመው ማን ነው?

ዛሬ ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ሁለት እጮኛሞች ተያይዘው ወርቅ ቤት ይገባሉ፤ ስልካቸው ላይ ያስቀመጡትን ፎቶ ያሳያሉ፤ አልማዙ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን ይከራከራሉ፤ የጣት ልክ ሰጥተው፣ ቀብድ ከፍለው ይወጣሉ። ስለዚህ ነገር የሚሰማው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ፈረንጅ አመጣሽ ነው ብሎ ይተቻል፤ ሌላው የሠለጠነ ጋብቻ ምልክት ነው ብሎ ያወድሳል። የሚገርመው፣ ተቃራኒ የሚመስሉት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ጌጥን በራስ አሳብ አዝዞ ማሠራት ትናንት የመጣ ልማድ ነው ብለው ያምናሉ። የደብረ ታቦርንና የአካባቢዋን ደጋ ታሪክ፣ ከፋርጣ እስከ እስቴ፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ እስካለችው የደራ መቀመጫ እስከ አንበሳሜ ድረስ ላየ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ አገር ተሠርቶ የተቀመጠ ጌጥ ገዝቶ መሄድ ነው አዲሱ፤ አዝዞ ማሠራት የጥንቱ ነው። የተለወጠው ትእዛዙ ሳይሆን ከአንጥረኛው ፊት የሚቆመው ሰው ነው። ከዚህ ለውጥ ጋር ደግሞ ብዙም ያልተነገረለት አንድ ነገር ቀርቷል፦ ሚዛን።

መነሻው ማርትሬዛ ነው። በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ምስል የሚመታው፣ እ.ኤ.አ. 1780 የሚል ዓመት እንደያዘ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የዘለቀው ጠገራ ብር፣ ከ28 ግራም ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የሰሜኑ ገበሬና ነጋዴ ይህን ሳንቲም እንዲሁ አይቀበልም ነበር። ያገላብጠዋል፣ ንግሥቲቱ ያጠለቀችውን ዕንቁ ያያል፣ ፊቱ ካለቀ ወይም ምልክቱ ከደበዘዘ ይመልሰዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ መጨረሻ በራሳቸው ምስል ብር ሲያስመቱ እንኳ ሕዝቡ ማርትሬዛውን ቶሎ አልለቀቀም። ለጌጥ ሠሪው ይህ ሳንቲም ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ጥራቱ ተለክቶ የመጣ ጥሬ ዕቃ ነበር። በደጋው የብር ማዕድን ስለሌለ፣ በሴቶች ፀጉር፣ አንገትና ቁርጭምጭሚት ላይ የምናየው ድሪ፣ አልቦ፣ መስቀልና ወለባ በአመዛኙ ቀልጦ የተሠራ ማርትሬዛ ነው።

አሠራሩም የታወቀ ነው። ባለጉዳዩ ብሩን ቋጥሮ ይመጣል፤ አንጥረኛው የሚሸጠው ብር ሳይሆን እጁን ነው። ሳንቲሙ በትንሽ የሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ከከሰል ፍም ላይ ይቀመጣል፤ ወናፉ ይነፋል፤ የቀለጠው ብር በመስፍ ላይ በመዶሻ ይጠፈጠፋል ወይም በተደረደሩ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተጎተተ ከወፍራም ወደ ቀጭን ሽቦ ይወርዳል። ሽቦው ተገምዶ፣ ተጠቅልሎ፣ በጥቃቅን የብር ፍሬዎች አጊጦ ይበየዳል፤ በመጨረሻ ሞረዱ ያለሰልሰዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ባለ ብሩ ወይም የላከው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው ቁጭ ብሎ ያያል፤ ብር ከእሳት ሲወጣ ጎድሎ እንዳይገኝ ይጠብቃላ። ወቄት የሚባለው መመዘኛም በማርትሬዛው ክብደት የሚሄድ በመሆኑ ስንት ብር ገብቶ ስንት ብር እንደወጣ ማንም ሊያውቅ ይችላል። ዛሬ ለልክ የተሠራ የሚባለው ጌጥ ከዚህ በላይ ምን ለልክ ሊሆን እንደሚችል አላውቅም። ሰምም ቢሆን እንግዳ አይደለም። የዛሬው ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን በኮምፒውተር ነድፎ፣ በሰም አውጥቶ፣ ሰሙን በሙቀት አስወጥቶ ወርቅ ያፈስበታል፤ የቤተ ክርስቲያን የመዳብና የነሐስ መስቀሎች ሠሪዎች በዚሁ ዘዴ፣ ሰሙን በእጃቸው እየቀረፁ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሠርተውበታል።

ደብረ ታቦር ለዚህ ሙያ አመቺ ቦታ ነበረች። ራስ ጉግሣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመሠረቷት ጀምሮ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ፣ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ ከተማ ሆነች። መሳፍንት ባሉበት ሽልማት አለ፤ ሽልማት ባለበት የብር ጋሻ ጌጥ፣ የፈረስ ዕቃ፣ የራስ ወርቅና የእጅ አምባር ይሠራል። ከጎጃሙ የባሶ ገበያ ተነሥቶ ዐባይን የሚሻገረው ነጋዴ በጣና ምሥራቃዊ ዳር ባለችው የደራዋ ቆራጣና በይፋግ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ ወርቁም ብሩም በዚህ መንገድ ይመላለስ ነበር። ቢሆንም ሙያው የተከበረ ነበር ማለት አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ ይባል ነበር፤ ብርና ወርቅ የሚሠራው ከእሱ ሻል ያለ ስም ቢኖረውም ከስድቡ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በገፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን መድፍ ሲያሠሩ፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን፣ ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍም ሲያሠሩ፣ አገሩ የእጅ ባለሙያን የሚያይበት ዓይን ያው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ማወጅ ያስፈለጋቸው በከንቱ አልነበረም። እንግዲህ የደጋው ቤተሰብ ሴት ልጁን በሚድርበት ቀን በሚንቀው ሰው ሥራ ያስጌጣት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ግብዝነት ሸፍኖ የድሮውን ጌጥ ብቻ ማሞገስ ደስ አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፦ አዛዡ ማን ነበር? አባት፣ አጎት፣ የሙሽራው ወላጆች። ጌጡ የጥሎሽ አካል ነው፤ ጥሎሽ ደግሞ የሁለት ዘመዳሞች ጉዳይ ነው። በሠርጉ ቀን የሙሽራው ወገን ያመጣው በጉባኤ ፊት አንድ በአንድ ተነሥቶ ይታያል፤ ቀሚሱ ይዘረጋል፣ ድሪው ከፍ ተደርጎ ይንጠለጠላል፤ የሙሽሪት ወገን ሽማግሌዎች "ይኼው ነው?" እያሉ ያሳንሱታል፣ የወዲያኞቹ ይከራከራሉ። ክርክሩ ግማሹ ጨዋታ ቢሆንም ግማሹ ቁም ነገር ነው፤ ጌጡ የሚለካው በሕዝብ ፊት ነው። እሷ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ተሸፋፍና ተቀምጣለች። በደቡብ ጎንደር ብዙ ልጃገረዶች የተዳሩት ገና ልጅ ሳሉ፣ የሚያገቡትን ሰው ሳያዩ ነው። በላይኛውም ቤት ያው ነበር። የደብረ ታቦሩ ገዥ ራስ ዓሊ ልጃቸውን ተዋበችን ለቋራው ካሣ የዳሩት ሽፍታውን በዝምድና ለማሰር ነበር፤ ትዳሩ ኋላ የፍቅር ሆኖ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው። ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሆኑና ተዋበች ከሞተች በኋላ ያገቧት ጥሩወርቅ ውቤ ደግሞ አባቷ ደጃዝማች ውቤ በእሳቸው እስር ቤት የነበሩባት ሴት ናት። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፎ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የገባው፣ የእቴጌይቱ ነው የሚባለው የተጠለፈ ቀሚስና አብሮት ያለው የብር ጌጥ ዛሬም የዚያን ዘመን እጅ ጥበብ ይመሰክራል። እሷ ራሷ ከጌጡ አንዱን እንኳ መርጣ እንደሆነ ግን ዕቃው አይናገርም።

ሕጉም ከልማዱ ብዙ አልራቀም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን የሁለት ቤተሰቦች ስምምነት አድርጎ ነበር የደነገገው፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል ያወጣው ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረጉ፤ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ማዕከል አደረጉት። እጮኛሞች አብረው ወርቅ ቤት የሚገቡበት ዘመን ከዚህ ለውጥ፣ ከትምህርት ቤትና ከደመወዝ ጋር አብሮ የመጣ ነው እንጂ ከአልማዝ ጋር የመጣ አይደለም። አልማዙን አውጥተን ተራ የወርቅ ቀለበት ብንተካበት እንኳ ትልቁ ለውጥ ቦታው ላይ ይቀራል፦ ልጅቷ አንጥረኛው ፊት ቆማ "ይኼ ይቅርብኝ፣ ያ ይሁንልኝ" ትላለች።

አንድ አዋቂ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። ቀለበት እኮ በቤተ ክርስቲያናችን የቆየ ነው፤ በሥርዓተ ተክሊል ካህኑ ባርኮ ለሙሽራውና ለሙሽሪት የሚሰጠው ቀለበት ከፈረንጅ አልተበደረም፤ ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ተክሊል ለድንግሎች የተወሰነ፣ ፍቺ የማይፈቅድ ከባድ ቃል ኪዳን በመሆኑ ያገኘው ሰው ጥቂት ነበር። አብዛኛው የደጋ ገበሬ በሰማንያ፣ በዋስና በሽማግሌ ፊት ነው የተጋባው፤ በዚያ ጋብቻ ደግሞ ጣት ሳይሆን አንገትና እግር ነበሩ የሚጌጡት። የጣት ቀለበት ከቅዳሴ ወጥቶ የመተጫጨት ምልክት የሆነው፣ "ቀለበት አሠረች" ማለት የተለመደው በከተማ ነው። ስለዚህ የተክሊሉ ቀለበት የዛሬው እጮኝነት ቀለበት አባት ነው ከማለት የሩቅ ዘመዱ ነው ማለት ይቀላል።

የአልማዙ ታሪክ ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት አጭር ነው። የኦስትሪያው መስፍን ማክሲሚሊያን እ.ኤ.አ. በ1477 ለቡርጉንዲዋ ማርያም የአልማዝ ቀለበት መስጠቱ ዘወትር ይጠቀሳል፤ ግን ያ የመሳፍንት ወግ ነበር። አልማዝ ወደ ተራው ሰው የወረደው እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ በገፍ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ዴ ቢርስ የተባለው ኩባንያ ምርቱን ተቆጣጥሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ አልማዝ ዘላለማዊ ነው የሚል ማስታወቂያ አስነግሮ፣ ልማድ አደረገው። በ1937 ዓ.ም. ማርትሬዛን የሚተካው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ፣ ይህ ማስታወቂያ ገና አልተጻፈም ነበር። ፈረንጁም ቢሆን ከአያቱ አልወረሰውም ማለት ነው፤ አዲስ አመጣሽ ብለን የምንወቅሰው ነገር ለአምጪውም አዲስ ነበር።

አልማዝን የምተቸው ግን በባዕድነቱ አይደለም፤ ማርትሬዛም ከቪየና ነው የመጣው። ችግሬ ሚዛኑ ላይ ነው። የድሮ ጌጥ በክፉ ቀን የሴትየዋ ስንቅ ነበር። ድርቅ ሲመጣ፣ በሬ ሲሞት፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ጌጡ ወደ አንጥረኛ ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል፤ የተሠራበት እጅ ዋጋ ቢጠፋም ብሩ አይጠፋም። አልማዝ እንዲህ አይደለም። አንድ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ነው፤ ዋጋው ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ቀለሙን፣ ጥራቱንና አቆራረጡን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ማጉያ መስታወት የያዘ ባለሙያና የተጻፈ የምስክር ወረቀት ነው። መልሶ ለመሸጥ የሄደ ሰው ወርቁ ይመዘንለታል፤ ስለ ድንጋዩ ግን ገዥው የሚለውን ሰምቶ ከመቀበል በቀር አማራጭ አይኖረውም። እዚህ ላይ ሁለት መልስ ይሰጠኛል። አንደኛው፣ ፍቅር አይመዘንም፤ ቀለበት ምልክት ነው እንጂ የባንክ ደብተር አይደለም የሚል ነው። ይህን ቃል የሚወዱት ብዙ ጊዜ ሌላ ስንቅ ያላቸው ናቸው፤ የራሷ መሬትም ሆነ ደመወዝ ለሌላት ሴት ምልክትና ስንቅ አንድ ዕቃ ቢሆኑላት ይሻላታል። ሁለተኛው፣ ዛሬ ሴቶች ሥራ አላቸው፣ የጋራ ንብረትም በሕግ እኩል ይካፈላል የሚል ነው። ይህ ጠንካራ መልስ ነው፤ ለአዲስ አበባዋ ባንክ ሠራተኛ አምኜ እቀበለዋለሁ። ወንድሟ ከውጭ በላከው ገንዘብ ለምትሞሸረው የአንበሳሜ ልጅ ግን ብዙም አይሠራም።

ስለዚህ አብረው የሚነድፉ እጮኛሞች የያዙት መብት ትልቅ ከሆነ፣ መብቱን የሚያውሉበትም ነገር ቢታሰብበት አይከፋም። ድንጋይ ካስፈለገ በአገር ቤትም አለ። ከደብረ ታቦር በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ ደላንታ ያደርሳል፤ በዚያ ባለችው በወገል ጤና ኦፓል ከተገኘ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የዓለም የጌጥ ድንጋይ ገበያ ስሙን ያውቀዋል። በሻኪሶ በኩል ደግሞ ኤመራልድ እየወጣ ነው። ይሁን እንጂ የአገር ነው ተብሎ ብቻ አይመረጥም። የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ኅብረ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ከአልማዝ ጋር ሲተያይ በጣም ለስላሳ ነው። ሊጥ የምታቦካ፣ ቡና የምታጥብ፣ ልብስ የምታጥብ እጅ ላይ ቢውል ዘይቱንም ሳሙናውንም ይስባል፤ ለጉትቻና ለአንገት ሐብል ግን ተስማሚ ነው። ወርቅ ሠሪው ይህን ሁሉ ሊነግራቸው ይገባል፤ ካልነገራቸውም የወርቁ ጥራት ስንት ካራት እንደሆነ፣ ከነድንጋዩና ያለ ድንጋዩ ስንት ግራም እንደሚመዝን በደረሰኙ ላይ ለየብቻ እንዲጽፍላቸው ይጠይቁት።