በአምበርና በምሥራቅ ጎጃም መንገድ የት ይበላል? ምን ይጠጣል?

ለመስክ ሥራ፣ ለሠርግ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ጎጃም የሚጓዝ የአዲስ አበባ ሰው የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀን ሲደርስ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ "የት ብንበላ ይሻላል?" የሚል ነው። ሹፌሩ የለመደውን ቤት ይጠራል። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት የበላበትን ያስታውሳል። ሲደርሱ ግን ባለቤቱ ተቀይሯል፣ ወጥ ሠሪዋ ሄዳለች፣ ወይም ቤቱ ተዘግቶ የሞባይል መሸጫ ሆኗል።

በትናንሽ ከተሞች የምግብ ቤት ስም ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የቤቶችን ስም አይዘረዝርም፤ ጥሩውን ቤት እዚያው ደርሰው የሚለዩበትን መንገድ ይጠቁማል። ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው፦ "የት?" ብለው ብቻ አይጠይቁ፣ "መቼ?" ብለውም ይጠይቁ። ከብቱ መቼ ታረደ? ጠጁ መቼ ተጣለ? እኛስ መቼ ነው የምንነዳው?

መንገዱ

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ለአገልግሎት የበቃው አዲሱ ድልድይም የሚገኘው በዚሁ ነው። ከደጀን በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው በሉማሜ አድርጎ፣ የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አምበርን አልፎ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ሌላኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ያደርሳል።

አምበር የመንገድ ዳር ትንሽ ከተማ ናት። ሰፊ ሜኑ ያለው ሆቴል የሚፈልግ ደብረ ማርቆስ ድረስ ቢታገሥ ይሻለዋል። ትኩስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጥብስና ጠላ የሚበቃው ግን አምበርም ቢወርድ አያጣም። (በቢራ ጠርሙስ ላይ "አምበር" የሚል ጽሑፍ ካዩ ከከተማዋ ጋር ዝምድና የለውም፤ የመጠጡን ቀለም የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።)

አንድ ማሳሰቢያ አለ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት በሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዚህ አካባቢ መንገዶች በድንገት የሚዘጉበትና የኔትወርክ አገልግሎት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው "መቼ?" ጉዞው ራሱ ነው። ከመነሳትዎ በፊት እዚያው ላለ ሰው ደውለው የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ በቴሌብር ብቻ ሳይተማመኑ ጥሬ ገንዘብም ይያዙ።

ዛሬ ምን ቀን ነው?

በአዲስ አበባ በጾም ቀንም ክትፎ የሚያቀርብ ቤት አይጠፋም። በጎጃም ትናንሽ ከተሞች ግን ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ፈልጎ መዞር ድካም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታ 15 ቀናትና በገና ጾምም እንዲሁ ነው። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ሥጋ የሚሠራው ድስትም ይሰቀላል።

በፍስክ ቀን ጥሩው ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ተመጋቢ ስለሚኖር ሥጋው አያድርም። ልኳንዳው ጋ ቆመው "ዛሬ የታረደ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቁርጥ የሚወዱ ከሆነ ደግሞ የጤና ምርመራ ማኅተም ያለበት መሆኑን ይመልከቱ። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ እንደሚችል ይታወቃል፤ ምርመራው አጠራጣሪ ከሆነ በደንብ የበሰለ ጥብስ ወይም ቅቅል ማዘዝ ይሻላል።

የጾም ቀን ከገጠመዎት አይዘኑ። ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው፤ የጮቄ ተራራ ዙሪያ ደግሞ ገብስና ድንች ያበቅላል። እዚህ "እንጀራው መቼ ተጋገረ?" የሚለው ጥያቄ ከወጡ ይቀድማል። የዕለቱ እንጀራ ካለ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች የያዘ በያይነቱ ከደከመ ጥብስ ይበልጣል። ሹፌሮች የሚቆሙበትን ቤት ማየትም ይረዳል፤ ነገር ግን የቆሙት ለምግቡ ይሁን ለመኪና ማቆሚያው መለየት ያስፈልጋል። ትሪዎቹ ባዶ ሆነው የሚመለሱ ከሆነ ለምግቡ ነው።

ጠጁ መቼ ተጣለ?

ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ነው። በተለመደው አሠራር አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ በሚሆን ውኃ ይበጠበጣል፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ሰፈፉ ከተገፈፈ በኋላ ጌሾ ይገባበታል፣ ከዚያም ይጠለላል። ለመድረስ እንደ አየሩ ሙቀት ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ይወስዳል፤ ደጋ ላይ ይዘገያል። የደረሰ ጠጅ የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው። ከቢራ ይበልጣል፣ ከወይን ጠጅ ጋር ይቀራረባል። ብርሌው ትንሽ ስለሆነና ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ብቻ እንደ ለስላሳ መጠጥ ማየት ስህተት ነው። አልኮል የማይጠጣ ሰው ብርዝ ይጠይቅ።

ዋናው የማር ቆረጣ አደይና መጭ ካበቡ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ አዲስ ማር የገባበትን ጠጅ ለመፈለግ ይመረጣል።

ችግሩ ስኳር ነው። የማር ዋጋ በጨመረ ቁጥር ማሩን በስኳር መተካት፣ መልኩንም በቀለም ማሳመር እየተለመደ መጥቷል። ጠጪዎች የሚለዩት በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብርሌውን ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት ማር ማር ይሸታል። ሁለተኛ፣ መልኩ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ነው፤ እንደ ብርቱካን ለስላሳ ካብረቀረቀ መጠራጠር ነው። ሦስተኛ፣ ከተዋጠ በኋላ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ይቆያል። የስኳሩ ጣፋጭነት ምላስ ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

አጠያየቁም ወግ አለው። "ንጹሕ ነው ወይ?" ብሎ መጀመር ያስቀይማል። "እትዬ፣ መቼ የተጣለ ነው? ደረቅ ነው ለስላሳ?" ቢሏቸው ግን ጠጅ የሚያውቅ ሰው መምጣቱን ይረዳሉ፤ ከየትኛው ጋን እንደሚቀዱም ያስቡበታል። ከዚያ በኋላ በዋጋ መከራከር አይገባም። በስኳር ዋጋ የማር ጠጅ የሚፈልግ እንግዳ መጨረሻው ስኳር መጠጣት ነው።

ጠላና አረቄ

ደጃፍ ላይ እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶ ካዩ መጠጥ ቤት ነው። ሌላ ታፔላ አይጠብቁ። ጉሽ ገና ያልጠራው ጠላ ነው። ቅራሪ ድፍድፉ ላይ እንደገና ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀላሉ ነው። ጥሩ ጠላ የታጠነው ጋን የወይራ ጭስ ትንሽ ይሸተዋል፤ ሆምጣጤ ከሸተተ ቀኑ አልፏል። የተቀዳበት ውኃ የሚያሳስበው ሰው ጠላውን ትቶ የታሸገ ነገር ይዘዝ።

አረቄ ሌላ ጉዳይ ነው። ዳግም የወጣው ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ሊኖረው ይችላል። በመለኪያ ይጠጣል፤ አንድ መለኪያ ደግሞ ይበቃል። ማን እንዳወጣው በማይታወቅበት ሁኔታ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውን አይግዙ። ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በሽታና በጣዕም አይለይም።

እነዚህን ቤቶች የሚይዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ልጅ የሚያስተምሩት በዚሁ ገቢ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ የሚጮህና ሳይከፍል የሚወጣ ሰው የሚጎዳው አንድን ቤተሰብ ነው።

ቢራና ወይን

ቢራ በየቦታው አለ፤ ቀዝቃዛ መሆኑ ግን በመብራቱ ይወሰናል። ወይን የሚፈልግ ሰው ደብረ ማርቆስ ያሉትን ሆቴሎች ይሞክር። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ለቀይ ሥጋ ጉደር ይስማማል፤ አክሱማይት ጣፋጭ ስለሆነ ከምግብ በኋላ ይሻላል። ባቱ (ዝዋይ) ላይ ያለው ካስቴል በ2006 ዓ.ም. ለገበያ ካቀረባቸው ወዲህ አካሺያና ሪፍት ቫሊም ተለምደዋል። እዚህም ጥያቄው "መቼ?" ነው፤ ጠርሙሱ መቼ ተከፈተ? በብርጭቆ ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ። ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየውን ደግሞ ይለፉት። እውነቱን ለመናገር ግን በማር አገር ሆኖ የወይን ጠርሙስ የሚያስከፍት ሰው ጠጁን ያልቀመሰ ነው።

መቼ ነው የምንነዳው?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና ከደጀን እንደወጣ ቁልቁለቱን ይጀምራል። ከባድ መኪኖች፣ ጠመዝማዛ መንገድ፣ አልፎ አልፎም ጭጋግ አለ። "አንድ ብርሌ ምን ያደርጋል?" የሚል ሹፌር ያለበት መኪና ውስጥ አይግቡ። ሹፌሩ ምሳውን በብርዝ ወይም በውኃ ይብላ። ጠጅ የሚጠጣው አዳር በሚያዝበት ከተማ፣ መኪናው ከቆመና ቁልፉ ኪስ ከገባ በኋላ ነው። ከወደዱት ደግሞ አስቀድመው ለባለቤቷ ነግረው በንጹሕ ዕቃ ያስቀዱና ቤትዎ ገብተው ይጠጡት፤ መፍላቱን ስለማያቆም ክዳኑን አጥብቀው አይዝጉት።