መንዝና የጓሳው ሕግ



መንዝ የሚለውን ስም በአገር አስተዳደር መዛግብት ውስጥ የፈለገ ሰው በየዘመኑ ልዩ ልዩ ማዕርግ ተሰጥቶት ያገኘዋል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፥ በአውራጃና በወረዳ ካደራጀ በኋላ፥ መንዝ ከግሼ ጋራ ተጣምሮ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ሆኖ ይተዳደር ነበር። ዛሬ ደግሞ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ በልዩ ልዩ ወረዳዎች ተከፍሎ ይገኛል። ስሙና ማኅተሙ እንዲህ ሲለዋወጥ ባላገሩ ግን ከሹመኛው ጽሕፈት ቤት ውጭ የራሱ የሆነ ሌላ አስተዳደር ነበረው። ልናወጋችሁ የምንወደው ስለዚሁ ነው።

መንዝ በደቡብ በሞፈር ወንዝ፥ በምዕራብ በአዳባይና በወንጭት፥ በሰሜን በቀጨኔ ይወሰናል፤ በምሥራቅ ያለው የተራራ ሰንሰለት ከኤፍራታና ከግድም ቆላ ይለየዋል። የአገሩ ሰው ሦስት ምድር አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እነርሱም ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ናቸው። እንደ አገሩ ትውፊት ማማ፥ ላሎና ጌራ በ17ኛው መቶ ዓመት አገሩን ያቀኑ አባቶች ናቸው። የዛሬዎቹ ወረዳዎች ስማቸውን የወረሱት ከነዚሁ ነው፤ ጸሐፊ በጠረጴዛ ላይ ያወጣው ስም አይደለም። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃልም የተነሣው ከዚሁ ምድር ነው። ነጋሲ በታላቁ ኢያሱ ዘመን ወደ ጎንደር ሄዶ በዚያው ሲሞት፥ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ በሸዋ ገዝተዋል።

አገሩ ብርድ ነው። ገብሱ ለውርጭ፥ በጉ ለብርድ የለመደ ነው፤ ሴቶች የሚፈትሉት የበግ ጠጕርም ባና ይሆናል። የመንዝን ባና ሳይለብስ በዚያ ደጋ ያደረ እንግዳ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቀዋል።

ርስትም በመንዝ በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቈጠር፥ ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት የቻለ ሁሉ ድርሻውን ሊጠይቅ ይችል ነበር። ከዚህ የተነሣ የመሬት ሙግት በዝቶ ሰውን ከችሎት ችሎት ያንከራትት እንደ ነበር የታወቀ ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ በእርሻው ዐፈር እንዲህ የሚሟገተው ሕዝብ በሣሩ ተስማምቶ መኖሩ ነው።

በጌራ ምድር፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለዝናም መከላከያ ገሳ ይሆናል፤ በድርቅ ጊዜም የከብት መጠጊያ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ከላዩ የሚወርደው ውሃም ከፊሉ ወደ ዓባይ፥ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይፈስሳል።

ይህንን ስፍራ የጌራና የአስቦ ተወላጆች በአጽመ ርስትነት በጋራ ይዘው ቄሮ በሚባል ሥርዐት ያስተዳድሩት ነበር። (ቃሉን ዛሬ ለሌላ ነገር ሲነገር የሰማ ሰው እንዳያምታታው።) ባለ መብቶቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ በስምምነት ይመርጣሉ። አለቃው ጓሳው ይዘጋ ሲል ማንም አያጭድም፥ ማንም አያሰማራም፤ ሣሩ እስኪጠና ድረስ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቈያል፤ ባለ መብቱም በየተራ ይጠብቃል፤ የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በቤተ ክርስቲያን፥ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። አብዛኛውን ጊዜ በበጋ፥ በየካቲት ገደማ፥ በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ ዝናሙ ሲመጣ እንደ ገና ይዘጋል። ልብ በሉ፤ ለዚህ ሁሉ ደመወዝ የሚበላ ሹም አልተቀጠረም።

ነገር ግን ሥርዐቱን ያለ ነቀፋ አናወድሰውም። ከአቅኚዎቹ ያልተወለደ ሰው፥ በደጃፉ ያለውን ሣር ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ከርስት ጋራም የቄሮ ሥልጣን ወደቀ፤ ጓሳውም በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። ከዚያ በፊት ያልተፈቀደለት ሁሉ ገባበት፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ዳሩ ግን መብቱ ሲሰፋ የመዝጊያው ሕግ አብሮ አልሰፋም፤ አጨዳውና ግጦሹ ከልክ አለፈ፤ ሣሩም ተመናመነ። ሕግ አውጪው የሻረው የጥቂቶችን ርስት ነበር፤ ሳያስበው የሻረው ግን የሣሩን ጊዜ ነው።

ሽማግሌዎቹ ዝም አላሉም። ከገበሬ ማኅበራቱ ጋራ ተመካክረው፥ በዘር ሐረግ ፈንታ በመኖሪያ ቀበሌ የተመሠረተ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ስለዚህ የቀድሞው ባለ ርስትና የቀድሞው ባይተዋር በአንድ ሸንጎ ተቀመጡ። በኋላም የክልሉ መንግሥት ስፍራውን የማኅበረ ሰብ ጥብቅ ቦታ አድርጎ በሕግ አወቀላቸው። ጠባቂዎቹ ከዚያው ከአካባቢው ሰው የተመረጡ ናቸው፤ ሣሩም እንደ ቀድሞው ተዘግቶ ይቈይና በበጋ ቀን ተቈርጦለት ይታጨዳል።