ሪክ አንኪል፦ ኳስ ወርዋሪ የነበረው መቺ

ቤዝቦል አሜሪካ ብዙ ዓመት ለኖርነውም ቢሆን ባዳ ጨዋታ ነው። የሪክ አንኪልን ታሪክ ለመረዳት ግን ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። ፒቸር የሚባለው ወርዋሪ 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ የቆመው መቺ እንዳይመታት አድርጎ ኳሷን ይወረውራል፤ ከመቺው ጀርባ ያደፈጠው ካቸር ይቀልባታል። አውትፊልደር ደግሞ ርቀው የተመቱትን ኳሶች ከሜዳው ጠርዝ እየሮጠ ይይዛል፤ ክለቡ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው በዱላው እንዲመታለት ነው። አንዱን ሙያ ትቶ በሌላው ለዋናው ሊግ የሚበቃ ከስንት አንድ ነው።

አንኪል በ1979 ፍሎሪዳ ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1997 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ክለብ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ገንዘብ ከፍሎ ወሰደው። በ1999 ከታችኞቹ ሊጎች የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለና ወደ ዋናው ሊግ ወጣ። በ2000 ደግሞ 11 ጨዋታ አሸነፈ፤ 194 ጊዜ መቺዎችን ባዶ እጃቸውን መለሰ።

ኦክቶበር 3 ቀን 2000 ካርዲናልስ ከአትላንታ ብሬቭስ ጋር የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነበረው። ኢኒንግ ከሚባሉት ዙሮች በሦስተኛው ላይ የአንኪል አምስት ውርወራዎች ካቸሩ ሊደርስባቸው እስከማይችል ድረስ ሳቱ። በአንድ ኢኒንግ እንዲህ ያለ ነገር ከ1890 ወዲህ ታይቶ አያውቅም ነበር። ዕድሜው 21 ነው፤ ክንዱም አልተጎዳም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይህ ነው።

ችግሩ በስፖርቱ ዓለም ዪፕስ ይባላል። በዓመታት ልምምድ ከሰውነት ጋር የተዋሐደ እንቅስቃሴ በድንገት ሲጠፋ ማለት ነው። በ1972 ለፒትስበርግ 19 ጨዋታ ያሸነፈው ስቲቭ ብላስም በተከታዩ ዓመት እንዲሁ ሆኖ፣ ብዙም ሳይቆይ ከጨዋታ ወጥቷል።

አንኪል በ2001 ወደ ሜምፊስ ተላከ። እዚያም ከአራት ኢኒንግ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ 17 መቺዎችን በነፃ ስላሳለፈ፣ ከሁሉ ዝቅ ወዳለው ሊግ፣ ወደ ጆንሰን ሲቲ ወረደ። በ2003 ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2004 መጨረሻ ወደ ዋናው ሊግ ተመልሶ በ10 ኢኒንግ አንድ መቺ ብቻ በነፃ አሳለፈ። የዳነ መሰለ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በማርች 2005፣ ሁሉም ተመለሰ ባለበት ሰዓት፣ ወርዋሪነቱን በቃኝ አለ። በየቀኑ ከራሱ ጋር የሚያደርገው ትግል መንፈሱን እየጨረሰው ነበርና። በ25 ዓመቱ ከታችኞቹ ሊጎች አንድ ብሎ አውትፊልደርነትን ጀመረ። የ2006ን ውድድር በጉልበት ጉዳት ምክንያት ሳይጫወት አሳለፈ። በ2007 ሜምፊስ ላይ 32 ሆም ራን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት፣ መታ። ኦገስት 9 ቀን ሴንት ሉዊስ ጠራችው፤ በዚያው ምሽት ሦስት ነጥብ ያስገኘ ሆም ራን መታ።

ለምን ተሳካለት? በእኔ ግምት አንዱ ምክንያት የሙያው ጠባይ ነው። ከአሥር ሙከራ ሰባቱ የከሸፈበት መቺ ጎበዝ ይባላል። ወርዋሪ ግን ሰው ሁሉ እያየው፣ ኳሷን ይዞ፣ ለማሰብ ጊዜ አግኝቶ ይቆማል። አንኪልን የጎዳው ያ የማሰቢያ ጊዜ ይመስለኛል። በሜይ 2008 ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ ጨዋታ ከመሃል ሜዳው ጥልቀት ሁለት ጊዜ ወርውሮ፣ ወደ ሦስተኛው ቤዝ የሚሮጡ ሁለት ተጫዋቾችን አስወጥቷል። ሩጫው ፋታ አይሰጥምና ክንዱ የሚያውቀውን ሠራ።

እስከ 2013 በተለያዩ ክለቦች ተጫወተ። በወርዋሪነት 13 ድል፣ በመቺነት 76 ሆም ራን አስመዝግቧል። ከቤብ ሩት ወዲህ 10 ድልና 50 ሆም ራን ያጣመረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ሾሄይ ኦታኒ መጣ። ሩትና ኦታኒ ግን ሁለቱንም የያዙት ተሰጥቷቸው ነው። አንኪል ሁለተኛውን የያዘው የመጀመሪያውን አጥቶ ነው። የተማረበትን ሙያ ትቶ ከታች የጀመረ አንባቢ ልዩነቱ አይጠፋውም።