የታሸገ ጥቅልና የሊቲየም ባትሪ፦ የአንድ የፖስታ ደንብ ታሪክ



ፖስታ የቆመው በአንድ ቃል ኪዳን ላይ ነው፤ ላኪው ያሸገውን ተቀባዩ እንጂ ሌላ ሰው አይከፍተውም። ይህ ቃል ኪዳን ከባትሪ ጋር ሲገናኝ ምን እንደ ተፈጠረ ዛሬ እንመለከታለን።

እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን ከተማ የተመሠረተው የዓለም ፖስታ ኅብረት ፈንጂና ተቀጣጣይ ነገር ከደብዳቤ ጋር እንዳይጓዝ መከልከሉ የቆየ ነው። ሆኖም ባሩድ የሚልክ ሰው ባሩድ መላኩን ያውቃል፤ ለእኅቱ ስልክ የሚልክ ሰው ግን ባትሪ እየላከ መሆኑን ከቶ አያስብም። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶኒ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ይህን ዓይነቱን ላኪ አበዛው።

የባትሪው ጠባይ ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። በውስጡ ተቀጣጣይ ፈሳሽ አለ። ሁለቱ ዋልታዎቹ በብረት ቢገናኙ ወይም አካሉ ቢጨፈለቅ ይግላል፤ ሙቀቱም ሌላ ሙቀት እየወለደ ወደ ጎረቤቱ ባትሪ ይሻገራል። የአውሮፕላን እሳት ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ቢያዳፍንም የጋለውን ባትሪ አያቀዘቅዘውም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2010 ከዱባይ ወደ ኮሎኝ የተነሣ የዩፒኤስ የጭነት ቦይንግ 747 በእሳት ተያይዞ ወደቀ፤ ሁለቱ አብራሪዎችም ሞቱ። በጭነቱ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሊቲየም ባትሪዎች ነበሩ። ከምርመራው ግኝቶች ሁሉ ለእኔ ክብደት ያለው ግን ሌላ ነው፤ ከባትሪ ጭነቶቹ አንዳንዶቹ አደገኛ ዕቃ መሆናቸው በአግባቡ አልተገለጸም ነበር። ሰነዱ ዝም ካለ አብራሪው ከጀርባው ምን እንዳለ በምን ያውቃል?

የአሜሪካ ፖስታ እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 ወደ ውጭ አገር የሚላክን ማናቸውንም የሊቲየም ባትሪ አገደ። እገዳው በባሕር ማዶ ለነበሩ ወታደሮች ስልክ የሚልኩ ቤተሰቦችን ጭምር ነካ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበርም ላላ። ከ2013 መግቢያ ጀምሮ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ፣ የየአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለፈቀደለት ፖስታ፣ በመሣሪያ ውስጥ የተገጠመን ባትሪ እንዲቀበል ፈቀደ። ልኩም በአንድ ጥቅል ከአራት ሴል ወይም ከሁለት ባትሪ አይበልጥም።

የአስተሻሸጉ ሥርዓት ከዚሁ ጠባይ የተቀዳ ነው። መሣሪያው ይጠፋል፣ በድንገት እንዳይበራ ይደረጋል፣ በጠንካራ ካርቶን ውስጥም እንዳይንቀሳቀስ ይታቀፋል። በአገር ውስጥ ደንብ ለብቻው መላክ የተፈቀደ ባትሪ ዋልታው በናስትሮ ተሸፍኖ ከሌላው ተለይቶ ይጠቀለላል። ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ግን በፖስታ አይላክም። ናስትሮን የሚንቅ ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ያስታውስ። የብሪታንያ መርማሪዎች እሳቱን ያያዙት በአንዲት የአደጋ ጊዜ ምልክት አስተላላፊ መሣሪያ ባትሪ ነው፤ መነሻውም በክዳን ሥር የተጨፈለቁ ሽቦዎች መገናኘት ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይሄድ ተከለከለ፤ በጭነት አውሮፕላን የሚሄደውም ኃይሉ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዓለም አቀፍ የአየር ፖስታ ለብቻው የሚላክ የሊቲየም ባትሪ አሁንም አይፈቀድም። ስለዚህ ላፕቶፕ ከነባትሪው ያለፈበት መስኮት መለወጫ ባትሪውን ብቻ ይዞ የመጣውን ሰው ይመልሰዋል። ነገሩ ግራ ቢያጋባም ምክንያት አለው፤ የላፕቶፑ አካል ለባትሪው ሁለተኛ ቅርፊት ነው፣ ቁጥሩም ሁለት እንጂ ሁለት መቶ ሊሆን አይችልም።