«የምግብ ማከያ» ስለሚለው ቃል

ፋብሪካ ምግብ ውስጥ ለሚያክላቸው እንደ ፎስፌት ላሉ ነገሮች «የምግብ ተጨማሪ» የሚለው አጠራር በእሽግ ምግብ ላይም በጤና ዜናም እየተለመደ መጥቷል። ሥር ሳይሰድ ቢታረም እወዳለሁ። ሕፃን ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር የሚጀምረውን ገንፎ የጤና ባለሙያዎቻችን «ተጨማሪ ምግብ» ይሉታል፤ እናቶችም ያውቁታል። ሁለቱን ቃላት አገላብጦ ለፎስፌት መስጠት የሕፃኑን ገንፎና ከፋብሪካ የሚገባን ጨው ማምታታት ነው።

«ማሟያ» የሚሉም አሉ። ማሟያ ግን የጎደለን የሚሞላ ነው፤ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት እንክብል ማሟያ ነው። ቺዝ ውስጥ የሚገባ ፎስፌት የበላተኛውን ጉድለት ሊሞላ አልገባም። «ባዕድ ነገር» ደግሞ ቅቤን በሙዝ፣ በርበሬን በሸክላ ዱቄት ለሚያበዛ አጭበርባሪ የተያዘ ቃል ነው። ተፈቅዶ፣ ተመጥኖ፣ ስሙ ተጽፎ የሚገባን ነገር በዚህ ስም መጥራት ሸማቹን በከንቱ ያስበረግጋል፤ የአጭበርባሪውንም ጥፋት ያቀልለታል።

እኔ «ማከያ» እላለሁ። ከሰቀለ መስቀያ፣ ከከፈለ መክፈያ እንደሚወጣ ሁሉ ከአከለ ማከያ ይወጣል። ማጣፈጫና ማባያ የሚሉት የወጥ ቤት ቃላት የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አማርኛ ነገርን በሥራው ሲጠራ እንዲህ ያደርጋል። ከማከያ ሥር ደግሞ ማቆያው፣ ማቅለሚያው፣ ማወፈሪያው፣ ማዋሃጃው ራሱን ችሎ ይቆማል። ያለን መዋቅር ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ቃል ቸገረን ማለት ቋንቋውን አለማወቅ ነው።

ማዋሃጃን በሥራው ላይ እንየው። ቺዝ መጥበሻ ላይ ሲቀልጥ ቅባቱ ለብቻ ይወጣል፣ የቀረው ይጓጉላል። ትንሽ የፎስፌት ጨው ሲታከልበት ግን ጨዉ የቺዙን ፕሮቲን ያስተሳሰረውን ካልሲየም ይይዝበታል፤ የላላው ፕሮቲን ቅባቱንና ውሃውን አቅፎ ይይዛል። በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ለስላሳ ቺዝ የሚገኘው እንዲህ ነው። «ማዋሃጃ ጨው» ቢባል አንባቢው ሥራውን ከስሙ ይረዳል። ይኸው ፎስፌት በሌላ ምግብ ሌላ ሥራ አለው፦ በታሸገ ሥጋ ውሃ ይይዛል፣ በብዙ ቤኪንግ ፓውደር ሊጡን ኩፍ ያደርጋል።

«ፎስፌት» የሚለውን ራሱን ግን አንተርጉመው። ምክንያቴ የኩላሊት ሕሙማን ናቸው። በፎስፌት ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ለአጥንት የግድ ያስፈልጋል፤ ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግዳል። የደከመ ኩላሊት ግን አይችልም፤ ትርፉ በደም ይከማቻል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያደነድናል። በባቄላና በምስር ካለው ፎስፈረስ ሰውነት የሚወስደው ከፊሉን ነው፤ ከማከያ የሚመጣውን አብዛኛውን ይወስዳል። ስለዚህ ሕሙማኑ እሽጉን ገልብጠው «ፎስ» የሚል ፊደል እንዲፈልጉ ይመከራሉ። ቃሉን አማርኛ ብናለብሰው ይህን ምልክት እንወስድባቸዋለን።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2019 እ.ኤ.አ. ፎስፌቶችን መልሶ መርምሮ ከማከያም ከምግቡም የሚገኘው ፎስፈረስ ተደምሮ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ40 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2.4 ግራም መሆኑ ነው። ሕፃናትና ልጆች ከዚህ ሊያልፉ እንደሚችሉ አስታውቋል፤ ገደቡም ኩላሊታቸው በመካከለኛ ደረጃም ሆነ በብርቱ ለተጎዳ ሰዎች አይሠራም ብሏል። ጤነኛ ጎልማሳ አልፎ አልፎ ለሚበላት ቺዝ የሚሸበርበት ምክንያት የለም።

አውሮፓውያን በእሽጉ ላይ ከኢ 338 እስከ 341፣ ኢ 343፣ ከኢ 450 እስከ 452 ያሉ ቁጥሮችን ይጠቀማሉ። ቁጥር ብቻውን ለገበያተኛ ምንም አይነግርም። በአማርኛ እሽግ ላይ «ማከያ፦ ማዋሃጃ ጨው፣ ፎስፌት፣ ኢ 452» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ።