የአዋሹ ቡፌ፤ በሐዲድ ዳር የቆመ የእንግዳ ማረፊያ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የነገሥታትን ዘመንና የጦር ሜዳን ውሎ ነው። ነገር ግን መንገደኛ አድሮበት የሄደ ቤትም የራሱ ታሪክ አለው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ያለውን «ቡፌ ዳዋሽ» የተባለውን ማረፊያ የመረጥነው ስለዚህ ነው። ምርመራችን የተነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ቤት ስለ ምን በዚያ በረሃ ተሠራ?

መልሱን ለማግኘት ወደ ባቡሩ ታሪክ መመለስ ግድ ሆነብን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሐዲዱን የማሠራት ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ አለቀ፤ መንግሥታትም ስለ ሐዲዱ ተከራከሩ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ።

የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው 310 ያህል ሲሆን፣ የቀረውን አዋሽ ከሞላ ጎደል እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። በዚያን ዘመን ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድ፣ ቀን ተጉዞ ሌሊት የሚያርፍ ስለ ነበረ፣ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። የመጀመሪያው አዳር ድሬዳዋ፣ ሁለተኛው አዋሽ ነበረ። እንግዲህ የጥያቄያችንን መልስ ከካርታው ላይ አገኘነው፤ ቤቱን በዚያ ያቆመው የባቡሩ ዝግታ ነው።

ማረፊያውን ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት ግሪኮች ናቸው። በሐዲዱ ሥራ ምክንያት ብዙ ግሪኮች ወደ አገራችን መጥተው፣ በመሥመሩ ባሉት ከተሞች በእጅ ሥራና በንግድ ይተዳደሩ ነበር። አባቶቻችን በመሸባቸው ጊዜ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነን» ብለው ደጅ ይቆማሉ፤ ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባቸዋል። ገንዘብ ከፍሎ መብላትና ማደር ግን ለሕዝባችን እንግዳ ነገር ነበረ። ስለዚህ የጣቢያው ቡፌ ምግብና አልጋ ብቻ ሳይሆን አዲስ ልማድም ያስተማረ ቤት ነው። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ደ ጎል እንዳረፉበት ይነገራል። እኛ ግን ይበልጥ የምናስበው ቀኑን ሙሉ በሙቀትና በአቧራ ሲጓዝ ውሎ፣ ማታ ፊቱን ታጥቦ ትኩስ እራት የቀረበለትን ተራ መንገደኛ ነው።

ዝግታ የወለደውን ቤት ፍጥነት አዳከመው። ሊቶሪናና የናፍጣ ባቡር ሲመጡ የአዋሽ አዳር አስፈላጊነቱ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የአሮጌው ባቡር ጉዞ ተቋረጠ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በራሱ አዲስ ሐዲድ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ሕንፃ ቢያረጅ ይጠገናል፤ ሐዲድም ቢበላሽ ይለወጣል። በአሮጌው መሥመር ያገለገሉት ሽማግሌዎች የሚያውቁት ነገር ግን ካልተጻፈ አብሯቸው ይቀበራል። ስለዚህ በየቤታችን ያሉትን አያቶቻችንን «በመንገድ ሳላችሁ የት ታድሩ ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚመልሱልንንም ሳንውል ሳናድር በደብተራችን እንጻፍ።